ለሔለን የማላሳየው ደብተር

ጥር 14 ቀን 2006፣ ረቡዕ

ሁለት ደብተር ገዛሁ። አንዱ ሔለን ያዘዘችው ነው። "የልጁን ውሎ ይጻፉበት፤ ምን እንደ በላ፣ መቼ እንደ ጮኸ፣ ከመጮኹ በፊት ምን እንደ ነበረ፣ እርስዎስ ምን እንዳደረጉ" አለችኝ። በየሳምንቱ ታየዋለች። ይኼኛው የራሴ ነው።

ሔለን ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ናት፤ ሠላሳ ዓመት የሚሞላት አይመስለኝም። ቴራፒስት ነኝ ትላለች። አንድ የረድኤት ድርጅት ልኳት የቀበሌውን አሮጌ መጋዘን አጽድታ እስከ ሰኔ አራት ልጆች ትቀበላለች። አራት ብቻ። ለመመዝገብ የመጣነው አሥራ አንድ ቤት ነን። ላሊበላ ውስጥ አሥራ አንድ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ መኖሩን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። አንዳንዶቹን ቤተ ክርስቲያን አብረን ስናስቀድስ ስንት ዓመታችን ነው። ልጅ እንዳላቸው አልነገሩኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ልጄን ባምላክን ግማሽ ሰዓት አየችው። እሱ አላያትም። በሩን ከፍቶ ዘጋ፣ ከፍቶ ዘጋ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ጠመኔዋን በላባት።

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ስምንት።"

"ይናገራል?"

"የሰማውን ይደግማል። የራሱን አይናገርም።"

ሁለት ነገር ነው ያለበት አለች። አንዱ ኦቲዝም ነው። ሁለተኛው ያ ዕረፍት የሚነሳው፣ አንድ ቦታ የማያስቀምጠው ነው፤ ለእሱም ሌላ ስም አለው። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ስም አጥቼ፣ በግማሽ ሰዓት ሁለት ሰጠችኝ።

"ይድናል?" አልኳት።

"አይድንም። ይማራል።"

ባሌ ቄስ ወንድምአገኝ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነገርኳቸው። "አይድንም ካለችሽ ምን ልታደርጊ ትሄጃለሽ?" አሉ። ከአራቱ አንዱ ሆኖ መመረጡን ስነግራቸው ግን "መቼም ሞክሪ" አሉ።


ጥር 19፣ ሰኞ

ረፈደብኝ። አደላድዬው ወጣሁ። የጧት ፈረቃ ነኝ፣ ሦስተኛ ክፍል፣ ስልሳ ሁለት ልጅ። ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን እያየ በር ላይ ቆሟል። "ቲቸር ዘነቡ፣ የእርስዎ አንድ ለአምስት ቡድን ወደ ኋላ የቀረው በማን ይመስልዎታል?" አለኝ፣ ልጆቹ እየሰሙ።

ወገቤን ሲቆርጠኝ ዋለ። መቀነቴን ሳልታጠቅ ነው የሄድኩት። ጎረቤቴ ይማርሽ ከቦኖ ስትመለስ አይታኝ "ኧረ ጉድ! የቄስ ሚስት ወገቧን ለቃ ትሄዳለች? መቀነትሽን አይጥ በላብሽ እንዴ?" አለች። ሳቅሁላት።


ጥር 27፣ ማክሰኞ

ከደሴ በወር አንዴ የሚመጣው የአእምሮ ነርስ ዛሬ ነበር። ደርበው ይባላል። ቄሱ ሁለቱንም እዪና ከሚሻለው ጋር ቀጥይ ብለውኛል። ሰልፉ እስከ አጥሩ ይደርሳል። እኛ ስንገባ ደርበው ምሳውን አልበላም ነበር።

ባምላክ የመዝገቡን ሁለት ገጽ ቀደደበት። ቀና ብሎ አየውና ክኒን ጻፈ። "ሲያስቸግርሽ ግማሽ፣ ሲብስበት አንድ።"

ሔለን ጋም እየሄድን ነው አልኩት።

"እሷ ታጫውተዋለች፣ እኔ አስተኛዋለሁ። መምረጥ ያንቺ ነው" አለ። ቀልዱን ነው። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።


ጥር 30፣ ዓርብ

ሦስት ቀን ተኛ። ለሃጩ ትራሱን አራሰው። ሽንቱንም እዚያው። ቤቱ ጸጥ አለ። የተማሪዎቼን ፈተና አረምኩ፣ ራሴን ታጠብኩ፣ ለቄሱ ወጡን ሳላሳርር ሠራሁ።

ለሔለኑ ደብተር "ትንሽ ደክሞት ነበር" ብዬ ጻፍኩ። እዚህ ግን እውነቱን ልጻፍ። ሦስቱን ቀን ወደድኳቸው።

ዛሬ ጧት ሊቆም ሲል ወደቀ። እንደገና ቆመ፣ ወደቀ። ክኒኑን ጣሪያው ውስጥ ሸጎጥኩት። አልጣልኩትም።


የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ሔለን ጋ የምንሄደው ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት ነው። እናት ወይም አባት ከልጁ ጋር ምንጣፉ ላይ መቀመጥ ግዴታ ነው። ልብስ ሰፊው አብዱልጀባር ሴት ልጁን ይዞ ደጁ ላይ ይውላል። አምስተኛ ነው፤ አንድ ቦታ ቢለቀቅ ብሎ ነው የሚጠብቀው። ልጅቷ ድምፅ የላትም፣ የነጠላውን ጫፍ ይዛ ትወዛወዛለች።

ዛሬ ሔለን ባምላክን እግሩን አስዘርግታ አስቀመጠችው። የቀኝ ቁርጭምጭሚቱን አየች። ጎንበስ ብላ ደግማ አየች።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የካልሲ ላስቲክ ነው" አልኩ።

በር ላይ ያወለቀውን ኮንጎ ጫማ ዞር ብላ አየችው። ባምላክ ካልሲ የለውም።


በዚያው ዕለት፣ ማታ

መጻፍ ካለብኝ ከመጀመሪያው ልጻፍ። አምና በግንቦት ከእጄ አመለጠ። ግማሽ ቀን ፈለግነው። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ተገኘ፤ ከደረቱ በላይ ያለው አካሉ ከአፋፉ ውጪ ነበር። ጣሪያው ላይ የተቀረጹትን መስቀሎች ቁልቁል ያያል። እየሳቀ ነበር። አንድ አስጎብኚ በእግሩ ጎትቶ አወጣው። ፈረንጆቹ ፎቶ አነሱት።

ጧት ጧት ቤት ማንም የለም። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ሰሞነኛ ባልሆኑበት ሳምንትም የንስሐ ልጆቻቸው ጋ ይሄዳሉ። እኔ አራት ሰዓት ተኩል ከቤት ውጪ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁን ምን እንደማደርገው ሰው አይጠይቀኝም። ቢጠይቀኝ "አደላድዬው ነው የምሄደው" እላለሁ። ውሸት አይደለም።


የካቲት 12፣ ረቡዕ

ማኅበር ላይ ከመጋረጃው ወዲያ ሰማሁ።

"የቄሱ ልጅ አፉን አልፈታም አሉ?"

"አፉንስ ይተወው፣ እሱን የያዘው ቢፈታው።"

"ዝም በል፣ እናቱ አለች።"

ጠላውን ቀድቼ ገባሁ። ሁሉም ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ።


የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ሔለን ስድስት ካርዶች አሏት። ዳቦ፣ ውሃ፣ ኳስ፣ ሽንት ቤት፣ ከበሮ፣ ውጪ። በእጅ የተሣሉ ናቸው፣ በላስቲክ ተሸፍነዋል። ካርዱን አንሥቶ በእጇ ላይ ካኖረላት የተሣለውን ነገር ወዲያው ትሰጠዋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያኝካቸው ነበር።

ዛሬ የውሃውን አነሣ። እጇ ላይ አኖረው።

ሰጠችው። ጠጣ። ጣሳውን አስቀመጠና ካርዱን እንደገና እጇ ላይ አኖረ። ሰጠችው። ሰባት ጊዜ። በሰባተኛው ከንፈሩን አርጥቦ ብቻ መለሰላት። ውሃውን ሳይሆን መስጠቷን የፈለገ ይመስል ነበር።

"ለምን ከውሃ ጀመርሽ?" አልኳት።

"እኔ አልጀመርኩም፤ እሱ ነው የመረጠው። ቤት ውሃ እንደ ልቡ ያገኛል?"

"በርሜሉ ምድጃው አጠገብ ነው። ምን ከለከለው?"

ለደብተሯም እንዲያው ጻፍኩላት፣ "ውሃ እንደ ልቡ ያገኛል"።

ካርዱን ሰጠችን። እንዳይጠፋበት በሳሁትና በጥቁር ክር አንገቱ ላይ፣ ከማተቡ ጋር አሰርኩለት። ስንወጣ አብዱልጀባር በመስኮት አይቶ ኖሮ "አብሽሪ እትዬ፣ ዛሬ ውሃ ያለ ነገ ወተት ይላል!" አለኝ። ደስታው የእውነት ነበር። የኔ ልጅ ቦታ ካልለቀቀ የእሱ ልጅ እንደማትገባ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ማታ ቤት ውስጥ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ካርዱን መዳፌ ላይ አኖረው። በስምንት ዓመቱ ልጄ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

ጣሳውን ስሞላ ግማሹ ፈሰሰብኝ።


የካቲት 23፣ እሁድ

የኔታ ሰይፈ ሥላሴ መጡ። ቄሱን ዜማ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ተራራው ላይ ጉባኤ ዘርግተው ተማሪ ያኖራሉ፤ ከዚህ የአራት ሰዓት መንገድ ነው።

ማዕዱ ሲቀርብ ጸሎቱን በዜማ አደረሱ። ሲጨርሱ ከአልጋው ሥር ሌላ ድምፅ ጀመረ። ባምላክ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ቃል ሳይጥል፣ በየኔታ ድምፅ። መሐል ላይ ሳላቸው ይዟቸው ነበር፤ ሳላቸውንም አልተወም።

የኔታ እንጀራውን እንደያዙ ቀሩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ወንድምአገኝ፣ ይኼን ልጅ ነው የደበቅኸኝ?"

"አባቴ፣ ሕመምተኛ ነው ብለን ነው..."

"ዝም በል! ይኼን ለመያዝ ስንቱ ሦስት ወር ይፈጃል። እንዲህ ያለ ጆሮ በዕድሜዬ ሁለተኛዬ ነው። ስጠኝ። እኔ ዘንድ ይቀመጥ።"

"አይቀመጥም፣ የኔታ" አልኩ። "አንድ ቦታ አይቀመጥም።"

"እኔ ዘንድ ያልተቀመጠ ተማሪ የለም፣ ልጄ።"

ቄሱ ቀና ብለው ተቀምጠው ነበር። ከልጁ መወለድ ወዲህ እንዲያ ቀና ብለው ሲቀመጡ አላየኋቸውም። እንግዳቸውን ሸኝተው ሲመለሱ ሔለን ያለችኝን ነገርኳቸው። መድገም ነው፣ መናገር አይደለም፤ ትርጉሙን አያውቀውም አልኳቸው።

"እኔስ ስጀምር አውቀው ነበር?" አሉ። "ዜማ ሁሉ ሲጀመር መድገም አይደለም?"




መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ሔለን ሳትነግረኝ ጧት ቤት መጥታለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ክፍት ነው። ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ባምላክ አጠገቧ አፈር ይበትናል። መቀነቴ ጉልበቷ ላይ ነው። አጣጥፋዋለች።

ሌላ አልጽፍም።


ያው ዕለት

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ስገባ ካርዱን ዘረጋልኝ" አለች። "ከአልጋው እግር እስከ በርሜሉ ሦስት እርምጃ ነው፣ ቲቸር። መቀነቱ ተደርቦ ሁለት ነው።"

ለክታ ነበር።

አፋፉን ነገርኳት። በእግሩ ተጎትቶ መውጣቱን፣ ፈረንጆቹን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝ። ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ልጁ አይታሰርም፣ አይመታም፣ በቀን ከልጁ የማይለይ አንድ አዋቂ ሰው ይኖራል ይላል። ከሥር የዚያ ሰው ስምና ፊርማ።

"እስከ ዓርብ ካልተፈረመ ቦታው ለተረኛው ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።" ወረቀቱን እየሰጠችኝ "አንድ ሰው ብቻ ነው የምፈልገው" አለች።


መጋቢት 3፣ ረቡዕ

በጾም ቅዳሴው ከሰዓት ነው። ቄሱ ከማኅሌት ተመልሰው ጧቱን ቤት ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ወር ሙሉ ይህን ሳስብ ኖሬ አልጠየቅኋቸውም ነበር። ዛሬ ጠየቅሁ።

"ጧት ጧት እርስዎ ከልጁ ጋር ቢሆኑስ?"

"ለሰው ምን ልበል? ሞግዚት ሆንኩ ልበል?"

"ምንም አይበሉ።"

"ለቅሶ ቤት ስጠራ? ተዝካር ስጠራ? 'ሚስቴ እስክትመጣ ጠብቁኝ' ልበል?" ጥምጥማቸውን አንሥተው ደፉ። "የኔታ ወረቀት አስፈረሙን? አላስፈረሙንም። ልጁን ነው የፈለጉት።"

ስለ መቀነቱ አንድም ነገር አላሉም። በጠዋት ሲወጡ አያዩትም ለማለት አልችልም። አልጋው የሁለታችን ነው።


መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ርዕሰ መምህሩን የሦስት ወር ፈቃድ ጠየቅሁት፣ ያለ ደመወዝ። "ግምገማው ይለፍና ያመለክታሉ" አለ። ግምገማው ግንቦት ነው።

ይማርሽን ጠየቅኋት። እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። "ዘነቡ እህቴ፣ ውሃ ቅጂልኝ በይኝ፣ ሌሊት ምጥ ያዘኝ ብለሽ ጥሪኝ። እሱን ግን እፈራዋለሁ። አምላክ ይይልኝ፣ እፈራዋለሁ።" አለቀሰች። እኔ አባበልኳት።

ሥራዬን ልተው ብዬ አሰብኩ። እስከ አሁን ሳስብ ነው ያመሸሁት። ይህን ማንም ስለማያነበው ልጻፈው። እነዚያ ስልሳ ሁለት ልጆች ጥያቄ ስጠይቅ እጃቸውን ያወጣሉ። "እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!" ይላሉ፣ ከወንበራቸው ይነሣሉ። ያንን መተው አልሆንልሽ አለኝ።


መጋቢት 5፣ ዓርብ

አልፈረምኩም።

አብዱልጀባር ፈረመ። የስፌት መኪናውን ከገበያ ነቅሎ ቤቱ አስገብቷል። "ሱሪ የሚያሳጥር ሰው ቤቴን አያጣውም" እያለ ለሔለን ሲያስረዳ ሰማሁት። ሲወጣ እኔን አይቶ አቀረቀረ።

"ሐቅሽን ወሰድኩብሽ፣ እትዬ።"

"አልወሰድክብኝም" አልኩት።


መጋቢት 7፣ እሁድ

ቄሱ ወደ የኔታ ወሰዱት። በቅሎ ላይ አፈናጥጠውት ነው የሄዱት። እስኪሰወሩ ድረስ የበቅሎዋን ኮቴ በአፉ ሲደግም ይሰማኝ ነበር።

የያዝኩለት ይኼ ነው። አንድ ጋቢ፣ ሁለት ቁምጣ፣ ኮዳ፣ ደረቅ ቂጣ። ካርዱ አንገቱ ላይ ነው። ለቄሱ ስለ ካርዱ ሁለቴ ነገርኳቸው፤ "እሺ፣ እሺ" አሉኝ፣ ኮርቻውን እያጠበቁ። ከረጢቱ ውስጥ ከሥር መቀነቴን ከተትኩ። ገደል ያለበት አገር ነው።


መጋቢት 17፣ ረቡዕ

አዲስ መቀነት ገዛሁ። ታጥቄ ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ ቀድሜ ደረስኩ። ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ "ቲቸር ዘነቡ አሁን ለውጥ አምጥተዋል" አለ። አጨበጨቡልኝ።

ይማርሽ፦ "እሰይ! ወገብሽ ተመለሰ።"

ቤት ስገባ በሩን ቀስ ብዬ ነው የምከፍተው። ለማን እንደሆነ አላውቅም።


መጋቢት 28፣ እሁድ

ቄሱ አይተውት ተመለሱ። ፊታቸው ያበራል። "ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ዜማ ሲል ይውላል። ትልልቆቹ ሲሳሳቱ የሚያርማቸው እሱ ነው።"

"ተቀምጦ?"

"ተቀምጦ።"

"እንዴት ተቀመጠ?"

"የየኔታ ጸሎት ነዋ።"

"ውሃ ሲጠማው ይጠይቃል?"

"ምን አስጠየቀው? ሁሉ አለለት።"

ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም። ደስ አለኝ ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አነሣሁ። ደህና ነው አሉ። ደህና ከሆነ ይበቃል። የኔታ ደግ ሰው ናቸው። ደህና ነው።


ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

መንገድ ላይ የአብዱልጀባርን ልጅ አየኋት። ዳቦ ቤቱ ደጅ ቆማ ካርድ አወጣችና ለባለ ዳቦው ሰጠችው። ባለ ዳቦው ካርዱን ገልብጦ አየና "ምንድን ነው ይኼ?" ሲል አብዱልጀባር "ዳቦ ስጠኝ እያለችህ ነው፣ አቦ! ደንበኛህ ናት!" አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳቦዋን ይዛ ሄደች።

ሳያየኝ በሌላው መንገድ ዞርኩ።


ሚያዝያ 13፣ ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት

ዛሬ ሄድኩ። ቄሱ ለበዓል እንግዳ ስለነበረባቸው ብቻዬን ነው የሄድኩት። ዶሮና ድፎ ዳቦ ለየኔታ ያዝኩ፣ ለባምላክ እንቁላል።

አቀበቱን ስጨርስ የየኔታን ድምፅ ሰማሁ። ሳላቸውም አለበት። እንኳን ደረስኩባቸው፣ እያስተማሩ ነው አልኩ። ስቀርብ የኔታ ጎጇቸው ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። ድምፁ ከወይራው ሥር ነው። ልጄ ነው።

በመቀነቴ ከግንዱ ጋር ታስሯል። ቋጠሮው እኔ የምቋጥረው ዓይነት ነው።

የበደሉት ነገር አለ ብዬ አልጽፍም። ጥላ ነው፣ ጋቢው ከትከሻው ላይ ነው፣ ከሥሩ ሣር ጎዝጉዘውለታል። ከስቷል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አላየኝም፤ ዜማውን አላቋረጠም። ሰው አጠገቡ ሲያልፍ ብቻ ቀኝ እጁን ይዘረጋል፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ።

ወደ እኔም ዘረጋው። ባዶ ነው። ካርዱ የለም።

አንድ ተማሪ በዚያ ሲያልፍ ከአኩፋዳው እፍኝ ቆሎ አውጥቶ መዳፉ ላይ አደረገለት። ባምላክ ቆሎውን በተነና እጁን እንደገና ዘረጋ።

"አየሽው?" አሉ የኔታ ከኋላዬ መጥተው፣ ደስ እያላቸው። "ልመናውን ማንም አላስተማረው። ከመጣ ጀምሮ እጁን ይዘረጋል። 'በእንተ ስማ ለማርያም' ማለት ብቻ ነው የቀረው። ተማሪ ሆኖ ነው የተፈጠረው።"

"የኔታ፣ አንገቱ ላይ የነበረችው ሥዕልስ?"

ፊታቸው ተለወጠ። "እሷን ልጠይቅሽ ነበር። የቄስ ሚስት ሆነሽ ከማተቡ ጋር ክታብ አስረሽ ትልኪልኛለሽ? በላስቲክ የታሸገ ክታብ! ለወንድምአገኝ አልነገርኩትም፣ እንዳያፍር ብዬ። አቃጠልናት። ስትቃጠል ሲጮኽ አገር ተሰበሰበ። አንቺ ብታዪው! የጮኸው ክፉው መንፈስ ነው ብለን ጸሎት አደረስንበት።"

"ክታብ አይደለችም። የውሃ ሥዕል ናት።"

"የምን?"

"ውሃ ሲጠማው የሚሰጣት ናት። ውሃ እንዲሰጡት።"

የኔታ ወደ ልጁ ዞሩ። እጁ አሁንም እንደተዘረጋ ነው።

"ማን ነገረን?" አሉ። ድምፃቸው የሽማግሌ ሆነ። "ለማን ነገራችሁ?"

"መታሰሩስ፣ የኔታ?"

"መቀነቱን የላክሽው አንቺ አይደለሽም? ከረጢቱን ስንፈታ አገኘነው። እናቱ ስለምታውቀው ነው የላከችው አልን።" ቀስ ብለው ጨመሩ፦ "ላልሆነማ ለምን ላክሽው፣ ልጄ?"

ኮዳውን ሞልቼ ሰጠሁት። ጠጣ። እጁን ዘረጋ። ሞላሁ። ጠጣ። ዜማውን ያቆመው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ይዤው ስወርድ የኔታ አልከለከሉኝም። እስከ ቁልቁለቱ ሸኙን፤ ኮዳውን የያዙት እሳቸው ናቸው።


ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ሔለን ጋ ወሰድኩት። የአብዱልጀባር ልጅ ምንጣፉ ላይ ነበረች። ሔለን እስክትጨርስ ደጅ፣ አብዱልጀባር ይቀመጥባት የነበረችው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

አዲስ የውሃ ካርድ አወጣችለት። ሲያያት ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ከዚያ ጮኸ። ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ ከመለሰች በኋላም ብዙ ጮኸ።

የሆነውን ነገርኳት። ከንፈሯን ነክሳ ሰማች።

"ዜሮ ላይ ቢሆን ጥሩ ነበር" አለች። "አሁን ከዜሮ በታች ነው የሚጀመረው።"

"ቦታ አለሽ?"

"የለም። ቢኖርም ወረቀቱ ያው ነው፣ ቲቸር። አንድ ሰው አገኙ?"

አላገኘሁም። ሰኔ መጨረሻ ትሄዳለች፤ የሚተካት ይምጣ አይምጣ አልተነገራትም። እሷ ዘንድ የቀረውን ደብተሬን ከመሳቢያ አውጥታ መለሰችልኝ።

"ጽሑፍዎ በጣም ጥሩ ነው" አለች። "ግን ምንም አልረዳኝም።"


ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ቄሱ "የኔታን አሳፈርሻቸው" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ንግግር የለም። ልጁ የማዕድ ጸሎቱን ሲጀምር ተነሥተው ወጡ።

ይማርሽ መጥታ "መጣ እንዴ? እንኳን ደስ ያለሽ" አለች። ሄዳ በሯን ስትቀረቅረው ተሰማኝ።

ክኒኑን ጣሪያው ውስጥ አየሁት። አለ። መልሼ ሸጎጥኩት።


ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

እጁን ይዘረጋል። ውሃ እሰጠዋለሁ። አንዳንዴ ዳቦ ፈልጎ ይሆናል፣ አንዳንዴ ሽንት ቤት፤ አላውቅም። እኔ የማውቀው ውሃ ነው። ወስዶ ይጠጣል።


ሚያዝያ 19፣ ዳግም ትንሣኤ

ነገ ትምህርት ይከፈታል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኔ ነው።

ክኒኑን አውርጄ ሽንት ቤት ጣልኩት። ይህን አድርጌያለሁ።

ከየኔታ ዘንድ የመጣውን መቀነት አጠብኩት፤ የወይራ ልጥ ተጣብቆበት ነበር። ሲደርቅ አዲሱን ቀጠልኩበት። ቋጠሮው እንዳይሾልክ ሁለት ጊዜ አጠበቅሁት፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚያርፈውን ጫፍ በአሮጌ ነጠላ ጠቀለልኩት። የበርሜሉን ክዳን አንሥቼ ጣሳውን እጁ በሚደርስበት አኖርኩ።

ከአልጋው እግር ጀምሬ በእርምጃ ለካሁ። በርሜሉ ድረስ ይደርሳል። በሩ ድረስ አይደርስም።